የቤታችንን ውኃ ማን ይመርምርልን?

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። ቃሉ የተነገረው ስለ ወንዝ ቢሆንም፥ በእንስራና በጀሪካን ላለውም ውኃ እውነት ነው፤ ጠርቶ የሚታይ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና።

ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች ነገሩ ቅርብ ነው። በአንድ ወገን የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ አለ፤ በሌላው ወገን ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያጠጡት የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ይሁን እንጂ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣው ውኃ እስከ ቤታችን ረጅም መንገድ ይሄዳል። በፈረቃ በተቋረጠ ጊዜ ባዶው ቧንቧ በስንጥቁ በኩል እድፍ ይስባል፤ ያልታጠበ ሮቶም የቀረውን ያበላሻል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት በመዲናችን በተነሣ ጊዜ የዚህን ክብደት ሁላችን አይተናል።

እንግዲህ ማንን እንጠይቅ? ባለሙያው እንደ ጥያቄው ይለያያል።

ስለ ውኃ አያያዝና ስለ ማከሚያ መድኃኒት የሚያስተምሩን በጤና ጣቢያው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ውኃ አጋርን በጽሑፉ እንደ ታዘዘው ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ ከእነርሱ እንማራለን።

የቧንቧው ውኃ ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ፥ መስመሩም ከተሰበረ፥ ጉዳዩ የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ነው፤ በ906 ስልክም ይነገራል።

በግቢው ጉድጓድ ያለው ሰው ግን ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል። ናይትሬትና ፍሎራይድ ለዓይን አይታዩም፤ ማፍላትም አያወጣቸውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን እየበዙ ይሄዳሉ። ናይትሬት የበዛበት ውኃ በተለይ በጡጦ ለሚያድግ ጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ እንደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለውን ተቋም ጠይቆ፥ የናሙናውን ጠርሙስ ከዚያው ተቀብሎ፥ ውኃውን በቀዳበት ቀን ማድረስ ይገባል። የዘይት ጠርሙስ አጥቦ መውሰድ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል።

በየበሩ እየዞረ ማጣሪያ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ፥ «ይህ ዕቃ የትኛውን እድፍ ያወጣል? የምርመራውስ ወረቀት የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን አትስጡት።

የተወደዳችሁ እናቶችና አባቶች፥ ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ የቧንቧውን ውኃ አፍልታችሁ፥ በታጠበ ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ያልተጠየቀ ውኃ ግን ልጅን አልጋ ላይ ያውላል።