የዘገየው ማን ነው?

እግር የሚቆረጠው ሕሙማን ዘግይተው ስለሚመጡ ነው። ይህ አባባል በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን ገደማ፣ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሲከበር ከመድረክ አይጠፋም። የሚገርመው በዚያው ንግግር ውስጥ፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ፣ ታካሚዎች የሕክምናው አጋር መሆናቸው ይበሰራል። እስካሁን ያየሁት አጋርነት ግን ጥፋቱን የመካፈል ብቻ ነው። ለዚያውም ሙሉውን።

ለመሆኑ መዘግየቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ቀድሞ የሚወስደው የእግርን ስሜት ነው። ሚስማር ሲወጋው የማያውቅ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ቆዳው ሲቃጠል የማይሰማው ሰው ምን ቀስቅሶት በጊዜ ይምጣ? እኛ ሰውን ስናስተምር የኖርነው ሲያምህ ታከም እያልን ነው። ይህን ሰው አላመመውም። ትእዛዛችንን ቃል በቃል ፈጽሟል።

ደግሞስ አልመጣም እንዴ? ለዓመታት ቀጠሮውን አክብሮ መጥቷል። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ካርድ አስወጥቷል፣ ስኳሩ ተለክቷል፣ መድኃኒቱ ተጽፎለታል። በዚያ ሁሉ ዓመት «አባባ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁ» ያለው ባለሙያ ነበር? ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። 10 ግራም ያህል ጫና የምታሳርፍ ቀጭን የናይለን ክርና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ዓለም አቀፉ የስኳር እግር መመሪያ እንኳን ስሜቱ ያልጠፋ እግር በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታይ፣ ከዚህ በፊት ቆስሎ የዳነ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንዲታይ ይላል። ይህን የቀጠሮ ድግግሞሽ የምናውቀው በወረቀት ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም አንድ ነው ቢሉኝ እቀበላለሁ። እውነት ነውና። ታዲያ ከመድረክ ይህን በሉ።

ቁስሉ ከታየ በኋላም ያለውን ጉዞ እንቁጠር። ጤና ጣቢያ በፋሻ ይጠቀለልለታል፤ ከሳምንት በኋላ ና ይባላል። ሲብስ ሪፈር ይጻፍለታል። ሆስፒታሉ ሌላ ከተማ ነው፤ የትራንስፖርቱን፣ የአስታማሚውን ብር መፈለግ አለ። ከዚያ አልጋ የለም ይባላል። እነዚህ ሳምንታት በማን ሒሳብ ይያዛሉ?

ምክር ተሰጥቶታል ይሉናል። አዎ፣ ተሰጥቶታል፤ በባዶ እግርዎ አይሂዱ ተብሏል። ይህ የሚነገረው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ ለሚገባ ሰው፣ መስጊድ በር ላይ ለሚያወልቅ ሰው ነው። ቅዳሴው ሰዓታት ይፈጃል፤ ወለሉ ላይ የሰም ፍንጣሪ፣ ጠጠር፣ አንዳንዴም መርፌ አይጠፋም። አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቢጠየቁ መላው ከሳቸው ይመጣ ነበር። ወፍራም ነጭ ካልሲ አድርገው ይገቡ ይሆናል፤ ነጭ ላይ ደም ቶሎ ይታያላ። ሲወጡ የልጅ ልጃቸው መርገጫቸውን እንድታይላቸው ያደርጉ ይሆናል። ውዱ የሚያደርገውም ሰው በጣቶቹ መሐል ውሃ እንዳይቀር በምን እንደሚያደርቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ጸበልም እንደዚሁ። ሐኪሙ የማያውቀውን የቀኑን ውሎ የሚያውቀው ታካሚው ነው፤ ምክሩ ግን ያለ እሱ ተጽፎ ያበቃለታል።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። በወላይታ ለዝሆኔ ሕሙማን በተከፈቱት የሕክምና ጣቢያዎች እግር ማጠብን፣ ቅባት መቀባትንና ጫማ ማድረግን ለመንደራቸው ያስተማሩት ራሳቸው ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ናቸው። ሕመሙ ሌላ ነው፤ እግሩ ግን ያው የገበሬ እግር ነው። ያን ልምድ ወደ ስኳር ክሊኒክ ማሻገር ምን ያህል ይከብዳል?

ከወዲያ ወገን ያለውን ጠንካራ መከራከሪያ አልደብቅም። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እግራቸው የቆሰለ ሕሙማን ጫናን የሚቀንሰውን ተፈቺ ቡት ያጠለቁት በቀን እንቅስቃሴያቸው 28 በመቶ ላይ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እዚያ አልጋም፣ ምክርም፣ ቡቱም አለ። መመሪያዎቹ የመርገጫ ቁስልን ለማዳን ቅድሚያ የሚሰጡትም ታካሚው ሊፈታው ለማይችለው፣ እስከ ጉልበት ለሚደርስ ጀሶ መሰል መሣሪያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ምርጫውን ከእጁ ስንወስድበት ቶሎ ይድናል። ይህ ለእኔ ክርክር አይመችም።

ይሁንና ጀሶው አንድ ቀን ይፈታል። ከዳነ ቁስል አሥሩ ቢቆጠር አራቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እግሩን የሚጠብቀው ቤቱ ያለው ሰውዬ ነው። ለዚያ ዓመት ማን አዘጋጀው? ያሰለጠነው የለም፣ የሚደውልበት ቁጥር የለውም፣ ቁስሉ ሲመለስ ግን ዘገየ የሚለው ቃል እየጠበቀው ነው።

ጤና ቢሮዎቻችን በሚቀጥለው ኅዳር ዘግይተው የመጡትን ሲቆጥሩ፣ ከጎኑ በዓመቱ ውስጥ በቀጠሮ ቀን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸው የታየላቸውን ሰዎች ቁጥር ያስቀምጡልን። መዝገቡ ላይ ይህ የሚሞላበት ቦታ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።