ጋዜጣው እንዴት ቀድሞ አወቀ?

የዛሬው ፊልም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የጄምስ ቦንድ ፊልም ሲሆን ስሙ «ቱሞሮው ኔቨር ዳይስ» ይባላል፤ «ነገ ፈጽሞ አይሞትም» እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ርዕስ «ነገ ፈጽሞ አይዋሽም» ነበር። በእንግሊዝኛ «ይዋሻል» እና «ይሞታል» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ርዕሱ የተለወጠው በጽሕፈት ስሕተት ነው ይባላል።

ሰላዩን ቦንድን የሚጫወተው ፒርስ ብሮስናን ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ጠላቱ ኤሊየት ካርቨር ነው። ካርቨር ከበርቴ ነው፤ ከበርቴ ማለት በጣም ሀብታም ሰው ነው። ጋዜጣም፣ ቴሌቪዥንም፣ ሳተላይትም አለው። የጋዜጣው ስም «ነገ» ነው።

ዴቮንሻየር የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ በደቡብ ቻይና ባሕር ትጓዛለች። የካርቨር ሰዎች ያለችበትን ቦታ የሚነግራትን የሳተላይት ምልክት አዛብተውታል። ስለዚህ መርከበኞቹ የማንም አገር ባልሆነ ባሕር ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። የቻይና አብራሪዎች ደግሞ ወደ ቻይና ባሕር እንደ ገቡ ያስጠነቅቋቸዋል። ሁለቱም ወገኖች ያመኑበትን ነው የሚናገሩት። በዚህ መሐል በራዳር የማትታይ የካርቨር መርከብ ዴቮንሻየርን ታሰምጣለች፤ አንድ የቻይና አውሮፕላንም ትጥላለች። ከመስጠም የተረፉትን መርከበኞች የካርቨር ሰዎች በቻይና ጥይት ይገድሏቸዋል።

ከዚያ ጋዜጣው ይወጣል። ዝርዝሩ ሁሉ አለበት። ችግሩ ያንን ዝርዝር በዚያ ሰዓት ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ካርቨርን የሚጠረጥረው በዚህ ነው፤ በሽጉጥ ሳይሆን በሰዓት። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። (መጨረሻው ተኩስ ብቻ ነው፤ ትንሽ ይሰለቻል።)

ካርቨር የሚፈልገው ጦርነቱን ማሸነፍ አይደለም። በቻይና አዲስ መንግሥት እንዲነሣና ለ100 ዓመት የቴሌቪዥን ሥርጭት መብት ለእሱ ብቻ እንዲሰጠው ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ካርቨር ራሱ በፊልሙ ውስጥ የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስትን ስም ያነሣል። ኸርስት እውነተኛ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ባለቤት ነበር። በየካቲት 1898 «ሜይን» የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በሃቫና ወደብ ፈንድታ ከ260 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ገና ሳይጣራ የኸርስት ጋዜጣ ጣቱን ወደ ስፔን ቀሰረ። በሚያዝያ ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱን ጋዜጣ ብቻውን አላመጣውም፤ እሳቱ ላይ ግን ቤንዚን ጨምሯል።

በአማርኛ «ዜና» እና «ወሬ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። ወሬ እውነትም ውሸትም ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። በአገር ቤት ጦርነት በነበረበት ጊዜ በቤተሰባችን የስልክ ግሩፕ ስንት ቪዲዮ መጣ! አንዳንዱ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ነበር። አክስቴ ግን እያንዳንዱን እያየች ታለቅስ ነበር። የወንድሟ ልጅ እዚያ ነበር።

ሚሼል ዮ የምትጫወተውን የቻይና ሰላይ ዋይ ሊንን ሳላነሣ አላልፍም። እጇ ከቦንድ እጅ ጋር በካቴና ታስሮ ሁለቱ በአንድ ሞተር ብስክሌት ሲያመልጡ ታያላችሁ። ከተማዋ በፊልሙ ሳይጎን ናት፤ የተቀረጸው ግን ባንኮክ ነው። በአሜሪካ ፊልሙ ከ13 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ጥንቃቄ ይፈልጋል ተብሏል፤ ስለዚህ ታናናሾቻችሁ ካሉ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር እዩት።