መኪናና ቤተሰብ፦ ሁለተኛው ተርቦ የት ይቀመጥ?

ዴንቨር ወይም አውሮራ የሚኖር ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ካለዎት የኮሎራዶን ተራሮች በስልክ ሳያዩ አልቀሩም። በሩ ላይ የቆመውን ትልቅ ፒክአፕም እንዲሁ። እዚያ አገር በናፍጣ ፒክአፕ ከኋላ ተጎታች አስሮ፣ ልጆችን ጭኖ ወደ ተራራ መውጣት የተለመደ የቤተሰብ ሽርሽር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ደውሎ «ሁለተኛ ተርቦ ላስገጥምለት ነው» ቢልዎት ምን ይሉታል? «ደግሞ ምን ጎደለህ!» ከማለትዎ በፊት ነገሩን አብረን እንየው።

በእኛ ቋንቋ ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ተርቦ የተራበ ነው፣ የሚርበውም አየር ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ ለዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና 70 አይዘንሃወር መሿለኪያ ሲደርስ 3,400 ሜትር ይሆናል፤ እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው መኪና ወደ እንጦጦ ሲወጣ እንዴት ትንፋሽ እንደሚያጥረው እርስዎም ያውቁታል። ተርቦ ያለውም ቢሆን የጎደለውን አየር ለማካካስ ከወትሮው በላይ ይሽከረከራል። ትንሽ ተርቦ እኮ ያለዚያም በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው።

ኮምፓውንድ የሚባለው አሠራር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አየር መጀመሪያ በትልቁ ተርቦ ይጨመቃል፤ ትንሹ ያንኑ የተጨመቀ አየር ተቀብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። ሒሳቡ መደመር ሳይሆን ማባዛት ነው፦ ትልቁ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ ትንሹ ሁለት እጥፍ ቢጨምቁ አየሩ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ አንዳቸውም ግን ከአቅማቸው በላይ አልሠሩም። ትልቁን ብቻ ቢያስገጥሙ ከቆመበት ሲነሳ ይተኛል፤ ትንሹ ብቻ ቢሆን ዳገቱ መሐል ላይ ይታፈናል። ፎርድ ይህን አሠራር በ6.4 ሊትሩ ሞተሩ ላይ ከ2008 እስከ 2010 ባሉት ሞዴሎች ከፋብሪካ ይዞ ወጥቷል። (በረጅም ርቀት ካሚዮኖች ላይ ያለው «ተርቦ ኮምፓውንድ» ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሁለተኛው መዘውር ጉልበቱን በጥርስ አድርጎ ለሞተሩ ዘንግ ይመልሳል። አሜሪካ ካሚዮን የሚነዳ ዘመድ ካለዎት እንዳያምታታዎት።)

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ የት ይቀመጥ? ትንሹ ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም፤ ጭሱን ትኩስ እንደሆነ እንዲያገኘው ማኒፎልዱ ላይ እንደታሰረ ይቀራል። አስቸጋሪው ትልቁ ነው። ራም ፒክአፕ ላይ ያለው 5.9 ሊትሩ ከሚንስ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር ስለተደረደረ ጭሱ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል፤ በዚያው ጎን ቦታ ይገኛል። ዱራማክስን በመሰለ የቪ ቅርጽ ስምንት ሲሊንደር ላይ ግን የፋብሪካው ተርቦ ከላይ፣ ከኋላ በኩል ተወሽቆ ስለሚቀመጥ እያንዳንዱ ጣት ስፋት ይቆጠራል።

ብዙ ሰው ኮፈኑ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም ብሎ ይጨነቃል። እኔ ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ስለ ዘይቱ ነው። ወደ ተርቦ የሚሄደው ዘይት በፓምፕ ተገፍቶ ይደርሳል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው የለም፣ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ስለዚህ ተርቦው በሞተሩ ግርጌ ካለው ዘይት በቂ ከፍታ ላይ መቀመጥ፣ የመመለሻው ቀዳዳ ወደ ታች ማየት፣ ቱቦውም ሰፊና ያለማቋረጥ ቁልቁል የሚሄድ መሆን አለበት። ቱቦው መሐል ላይ ከጎበጠ ወይም ወደ ላይ ከቀና ዘይቱ ይጠራቀማል፤ መውጫ ሲያጣ የዘንጉን መዝጊያ አልፎ ወደ ጭሱ ወይም ወደ አየሩ መስመር ይገባል። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ነው። ባለቤቱም «ተርቦው የውሸት ነበር» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ያንኑ ያደርጋል። ቦታ ጠፍቶ ዝቅ ብሎ የግድ የሚታሰር ከሆነ ዘይቱን ስቦ የሚመልስ ሌላ ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ ያ ፓምፕ ደግሞ ሊበላሽ የሚችል አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ተጎታች ይዞ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ ሞተር ጭሱ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። ያን የተሸከመ ብረት ከፍሬን ቱቦ፣ ከነዳጅ መስመርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ አለበት፤ መራቅ ካልቻለ በመካከላቸው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ይግባ። ከኋላ ልጆች ተቀምጠዋልና በዚህ ላይ «ይበቃዋል» የሚባል ነገር አልቀበልም። ብረት ሲግል ስለሚለጠጥም ሁለቱን ተርቦዎች የሚያገናኘው ቧንቧ የሚተጣጠፍ ክፍል ያስፈልገዋል፤ የትልቁ ክብደትም ሞተሩ ላይ በታሰረ በራሱ ድጋፍ ይያዝ እንጂ በትንሹ ላይ አይንጠልጠል። ከሻሲው ጋር ካሰሩት ሞተሩ በተነቃነቀ ቁጥር ቧንቧው ይሰነጠቃል።

የአየር ማጣሪያው ከራዲያተሩ ጀርባ ያለውን ትኩስ አየር እንዳይስብ ያድርጉ የሚለውን መካኒኩ ራሱ ያውቀዋል፤ አላልፈውም ብዬ ነው።

ሕጉንም ይጠይቁት። አሜሪካ ውስጥ የመኪናን የጭስ ማጣሪያ መንቀል በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ከ2007 ወዲህ የወጡ ናፍጣ ፒክአፖች ደግሞ በዚህ ዕቃ የተሞሉ ናቸው። «ተርቦውን ለማስገባት ያንን እናወጣዋለን» የሚል ጋራዥ ካለ ወንድምዎ ቁልፉን ይዞ ይውጣ።

የእኔ ሐሳብ? በወር አንዴ ልጆችን ለሽርሽር ለሚወስድ ቤተሰብ የፋብሪካው ተርቦ ይበቃል። ከባድ ተጎታች እየጎተተ በየሳምንቱ መሿለኪያውን የሚሻገር ከሆነ ግን ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ አየሩ ሲበዛ ናፍጣው በደንብ ይቃጠላል፣ የጭሱ ሙቀት ይወርዳል፣ ጥቁር ጭሱም ይቀንሳል። ካስገጠመ የዘይት ማጣሪያውን ለመቀየር ትልቁን ተርቦ መፍታት እንዳያስፈልግ አስቀድሞ ይስማማ። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ሲመለስም ከማጥፋቱ በፊት ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሥራ ፈት ያቆየው። በማግስቱ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቅና በዘይት መመለሻው መገጣጠሚያ ዙሪያ ነጭ ጨርቅ ያዙርበት።