ማተሚያ ቤት አሳታሚ አይደለም

የመጀመሪያ ልቦለዴን ያሳተመልኝ ዕቁብ ነው። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዕጣው ሲወጣልኝ ባለቤቴ የጣራውን ቆርቆሮ እናስቀይራለን ብላ ነበር፤ እኔ ግን ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ አዲስ አበባ ገባሁ። ቆርቆሮው ዛሬም ያፈሳል፤ እሷም ክረምት በመጣ ቁጥር ታስታውሰኛለች።

በየማተሚያ ቤቱ የተጠየቅሁት አንድ ዓይነት ነው። ገጹ ስንት ነው? ወረቀቱ ባለ 60 ግራም ይሁን ባለ 70? ሽፋኑ ላሚኔት ይደረግ? ስንት ቅጂ? ግማሹን ቅድመ ክፍያ መቼ ታስገባለህ? መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በእነሱ አልፈርድም፤ ሥራቸው ማተም ነው። አከፋፋዩም ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን ለራሱ ቆርጦ «ሲሸጥ እንተሳሰባለን» ከማለቱ በፊት ያገላበጠው የጀርባውን ሽፋን ብቻ ነው። ስለ መጽሐፉ አስተያየት የሰጠ ስመ ጥር ደራሲ አለ ወይ ብሎ ነው። አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ደራሲ ሆንኩ። የመረጠኝም የጣለኝም ሰው የለም። ስለ ሥነ ጽሑፋችን ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናማርረው የወረቀት ዋጋን ነው፤ ሐሰት አይደለም። ወረቀቱ ከውጭ ይመጣል፤ ፕሮፎርማው ሳይደርቅ ዋጋው ይለወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ኪሳራውን ፈርቶ፣ ስለዚህም ረቂቁን ከልቡ የሚያነብ አሳታሚ ማጣታችን። የራሱን ብር ያላወጣ ሰው «ይህን ምዕራፍ አውጣው» ብሎ ከደራሲ ጋር አይጣላም። ጓደኛ ያመሰግናል፣ ማተሚያ ቤት ያትማል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1914 ዓ.ም. ነው። ማሽኑን እንግዲህ ካገኘነው መቶ ዓመት አልፏል። በደርግ ዘመን ደግሞ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ ረቂቅ ይቀበላል፣ ያስገመግማል፣ አርታኢ ይመድባል፣ በራሱ ወጪ ያሳትማል። በዚያው በር ሳንሱርም ይገባ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ያንን በር አልፎ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ከወጣ በኋላ ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በቀጣዩ ዓመት የካቲት እንደወጣ ቀረ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም ለአስርተ ዓመታት የማተሚያ ቤት ደጅ ሳያይ በቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ስለዚህ ያ ዘመን ይመለስ የሚል ካለ እኔ የለሁበትም። ቅድመ ምርመራን የሻረው የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ትልቅ ዕዳ አቅልሎልናል። ችግሩ ሳንሱሩን ስንሸኝ አርታኢውንም አብረን መሸኘታችን ነው፤ ለቦታው ሌላ ሰው አላሰብንም።

ውጤቱን ለማየት የመጽሐፍ መደብር መግባት ይበቃል። በገጽ 40 የሞተ ገጸ ባሕርይ በገጽ 200 ቡና ሲጠጣ አንብቤያለሁ። ደራሲው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ከእሱ በቀር ሌላ ዓይን አላየለትም። በተቃራኒው ደግሞ፣ ከተማሪዎቼ መካከል እኔን የምታስንቅ ልጅ አለች። ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ምን ልበላት? ጻፊ ማለቱ ቀላል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን «ዕቁብ ግቢ» ነው፤ ይህን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስናገር አፍራለሁ። አሁን ባለው አሠራር በእኔና በእሷ መካከል የሚለየው ብር ነው እንጂ ችሎታ አይደለም።

መንግሥት አሳታሚ ይሁን አልልም። መጽሐፍ ይግዛ ግን እላለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ለጥቂት አዳዲስ ልቦለዶች በጀት ቢይዙ፣ ለአሳታሚ ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው 1,000 ቅጂ ገዢ ይኖረዋል። ያኔ ነጋዴም በልቦለድ ላይ ገንዘቡን ለማዋል ይደፍራል። የሚገዙትን የሚመርጡት ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የቋንቋ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይሁኑ፤ አንድ ማዕከላዊ ኮሚቴ ከተቀመጠበት ሳንሱሩን በጓሮ በር መልሰን አስገባነው ማለት ነው። አከፋፋዮችም ቢሆኑ ሲሶውን እስከወሰዱ ድረስ የአንድ አርታኢ ደመወዝ አያቅታቸውም። ከሽፋኑ ጀርባ ሌላም ነገር መኖሩን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።