«ራም ጨምር» መልስ አይደለም

ሊኑክስ ላይ ራም ሲሞላ ማውሱ ይደርቃል፤ ኮምፒውተሩን በግድ ስናጠፋው ሴቭ ያላደረግነው ሥራ አብሮ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም ከመዝጋት ይልቅ የፕሮግራሞቹን ኮድ ከራም እየጣለ፣ መልሶ ከዲስክ እያነበበ ይዳክራል።

«ራም ጨምር» ይሉናል። ሊኑክስ አሮጌ ላፕቶፕ ያድናል ብሎ ሰብኮ፣ ባለ 4 ጊጋባይቱን ተማሪ ጥፋተኛ ማድረግ ነውር ነው!

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ኧርሊኡም የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነፃው ራምም ስዋፑም ከ10 በመቶ በታች ሲወርዱ ብዙ የያዘውን ፕሮግራም ይዘጋል። ፌዶራ በ2020 ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎቹ ከጅምሩ እንዲበራ አድርጎታል።

«ሳልፈቅድ ብሮውዘሬን ዘጋብኝ» የሚል ይኖራል። ብሮውዘር ተመልሶ ይከፈታል፤ በግድ የጠፋ ኮምፒውተር ግን ሁሉንም ይዞ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ጠባቂ ሳያበራ ዴስክቶፕ የሚለቅ ዲስትሮ ሁሉ ተጠቃሚውን ረስቷል።