ዲፕሎማና አፎሻ

የተማረ ሰው ለአገሩ ይጠቅማል ሲባል ሁላችንም ስንሰማ ኖረናል። ነገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን የተማረው ሰው የሚጠቅመው እንዴት ሆኖ ነው? በየቢሮው ለብቻው ተቀምጦ ነው ወይስ ከሌላው ሰው ጋር ተያይዞ? ዛሬ ይህን ጥያቄ በሴቶች ነገር፥ ይልቁንም በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በሚኖሩት ሴቶች ነገር፥ ጥቂት እንድንመለከተው ፈቃዳችሁ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ የሚኤሶን ቆላ ካለፈ በኋላ ወደ ጨርጨር ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ጭሮን ያገኛል፤ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ እያለ ነው የሚጠራት። ወደ ምሥራቅ ቢቀጥል ሂርና፥ ወደ ደቡብ ቢታጠፍ በዴሳና ገለምሶ ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች ሁለት ዓይነት ሴቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛዋ ከማለዳ ጀምራ በገበያ ጫት፥ ማሽላ ወይም ድንች ስትሸጥ ውላ፥ ወደ ማታ ቤትዋ ገብታ ልጆችዋን የምታበላ ናት። ሁለተኛዋ ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመርቃ በጤና ጣቢያ፥ በፍርድ ቤት፥ በትምህርት ወይም በገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሥራ የያዘች ናት። ሁለቱ በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ከሰላምታ አልፈው አብረው የሚሠሩት ነገር ግን ብዙ ጊዜ የለም።

የመጀመሪያዪቱ ሴት ማኅበር አላት። በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን የሐረርጌ ሰው አፎሻ ይለዋል፤ ሐረሪዎችም በቋንቋቸው አፎቻ ይሉታል። የወንዶች አለ፥ የሴቶችም አለ። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ከያሉበት ተጠራርተው ይመጣሉ፤ ውሃ ቀድተው፥ ቡና አፍልተው፥ እህል አብስለው ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናሉ። ሠርግ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ማንም ሳያዝዛቸው፥ በጀትም ሳይመደብላቸው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ቃል በእነርሱ ዘንድ የዕለት ሥራ ነው።

ሁለተኛዪቱ ሴት ደግሞ ዕውቀት አላት። ማኅበር ግን የላትም። ቢኖራትም በቢሮ ውስጥ ስም የተጻፈበት፥ በዓመት አንድ ቀን በበዓል ጊዜ የሚታወስ ማኅበር ነው። በዚህም ምክንያት ዕውቀትዋ የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ ይቀራል። የዛሬው ነገሬ ይህ ነው፤ ዲፕሎማው አፎሻውን፥ አፎሻውም ዲፕሎማውን ይፈልገዋል። ይህን የምለው ስሜት ገፋፍቶኝ ሳይሆን፥ ስማቸውን በክብር የምንጠራቸው ሴቶች ሥራ ራሱ ስለሚመሰክር ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ኢጣሊያ በአገራችን ላይ ጦር በምታዘጋጅበት ጊዜ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉትም የማይችሉትም እመቤቶች በአንድነት ተቀምጠው ለወታደሩ ልብስ ሰፉ፤ ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻም አዘጋጁ። ልዕልት ፀሐይ በዚህ ሥራ ውስጥ ነበሩበት። ቤተሰባቸው በእንግሊዝ አገር በስደት ሳለ ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ ሆነው የነርስነት ትምህርት ተማሩ፤ በ1939ም ሥራውን የሚያስፈቅደውን ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕመምተኛ አልጋ ማንጠፍዋ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

የልዕልቲቱ መጨረሻ ግን ልብ የሚነካ ነው። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ አግብተው በነቀምቴ ሳሉ፥ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። እንግዲህ አስቡት! የሠለጠነች ነርስ፥ የንጉሥ ልጅ፥ ከዋና ከተማ ርቃ በክፍለ ሀገር ከተማ ስትወልድ ከሞት ያልዳነች ከሆነ፥ ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ መኖሩ ያንኑ ሰው እንኳ እንደማያድን እንረዳለን። ዕውቀቱ በዙሪያዋ ባሉት ሰዎችና በአካባቢው በተዘረጋው አገልግሎት ውስጥ መኖር አለበት።

በዚያው ጦርነት ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩትን ይዘው ወደ ጎሬ በመሄድ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ቁስለኛ አስታመሙ። ተማርከውም ወደ ኢጣሊያ አገር ተወሰዱ። ከዚያ ሲመለሱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሬስ ሆኑ፤ በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው ምርጫም ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ሰዎች የሚያስታውሱት ይህን የመጨረሻውን ማዕርግ ነው። የማዕርጉ ሥር ግን በጎሬ ከቁስለኛው አጠገብ ያሳለፉት ጊዜ መሆኑን አንርሳ።

በባሕር ማዶ ያሉት ጥቁር እኅቶቻችንም ከዚህ የማይርቅ ታሪክ አላቸው። በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 22 ሴት ተማሪዎች በጥር 1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ የሚባል ማኅበር አቋቁመው፥ ሁለት ወር ሳይሞላ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ ወጡ። ከእነርሱ በፊት በ1908 በዚያው ትምህርት ቤት የተመሠረተው አልፋ ካፓ አልፋ የሚባለው ማኅበር ደግሞ፥ የእኛ እመቤቶች ፋሻ በሚያዘጋጁበት በዚያው በ1935 ዓመት፥ በዶክተር ዶሮቲ ፈረቢ መሪነት አስተማሪዎችንና ነርሶችን ወደ ሚሲሲፒ ገጠር ላከ። የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ሠራተኞቻቸው ወደ ክሊኒኩ እንዳይሄዱ በከለከሉ ጊዜ፥ ሴቶቹ መድኃኒቱንና መርፌውን በገዛ መኪናቸው ጭነው ወደ ጥጡ እርሻ ሄዱ። እስከ 1942 ድረስ በየክረምቱ ለእረፍት ከመሄድ ይልቅ ይህንኑ ሥራ ሠሩ። ብዙ ሺህ ሕፃናትም ከፈንጣጣና ከጉሮሮ በሽታ የሚጠብቀውን ክትባት አገኙ።

ወደ ቅርቡ ዘመንና ወደ አገራችን እንመለስ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ነበሩ። በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ሳይንስ ተምረው ወደ ተወለዱበት አገር በመመለስ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከእኅታቸው ጋር የከምባታን ሴቶች የሚያስተባብር ማኅበር መሠረቱ። ዓላማቸው የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ነበር። ነገር ግን ሰዉ አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ነበርና ድልድዩን አሠሩለት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውንም፥ ወጣቱንም፥ እናቶችንም አስቀምጠው አነጋገሩ። ልማዱን ለመተው የተስማሙትም በየዕድራቸው ውሳኔውን አጸኑት። በምሁርዋ ቃል ብቻ ያልሆነው በዕድሩ ውሳኔ ሆነ። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. ቢያርፉም የሠሩት ሥራ በምስክርነት ቆሟል።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም እንመልከት። ማኅበሩ በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመሥርቶ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመጀመሪያዋ ዲሬክተር ሆኑ። በአርሲ በጠለፋ የተወሰደች የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ በተከሰሰች ጊዜ ማኅበሩ ቆመላት፤ ራስዋን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎም ነፃ ወጣች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ይሰጠው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን መንገድ ዘጋው። የቤተሰብ ሕጉም በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የልጃገረዶች የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፤ ጭሮ የምትገኝበት የኦሮሚያ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ዕድሜው በዚያም 18 ነው። ወይዘሮ መዓዛ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ነገር ግን ከዚሁ ማኅበር የምንማረው ሌላም ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበሮች ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ አገር እንዳያገኙ ከለከለ። የማኅበሩም ገንዘብ በባንክ ታገደ፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ ለብዙ ዓመታትም ሥራው ደከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ እንዲህ ሆኖ ኖረ። በዚያን ጊዜ በሂርና ወይም በገለምሶ ያለውን የሴቶች አፎሻ ግን አዋጁ አልነካውም፤ የሚኖረው በገዛ አባላቱ መዋጮ ነውና። የሕግ ባለሙያዎቹ ጥፋት አድርገዋል ማለቴ አይደለም። የሠሩት ሥራ ብዙ ቤት አድኗል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከሩቅ የሚመጣ ማኅበር መንገዱ በተዘጋ ጊዜ እንደሚራብ ዐይተናል።

አሁን አንዳንድ አንባቢ፥ «አፎሻ ለለቅሶና ለሠርግ ነው፤ ከሥራችን ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሊል ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር የአፎሻው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷት ብትሞት አፎሻው በሙሉ ይነሣል፤ ያለቅሳል፤ ልጆችዋን ይሰበስባል። ለምን እንደ ሞተችና ሁለተኛም እንዳይደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባ ግን የሚነግረው የለም። የሚያውቀው ሰው በጤና ጣቢያው ውስጥ አለ። እርሱ ደግሞ ወደ ለቅሶው ቤት አልመጣም። ሁለቱ ሳይገናኙ በመቅረታቸው ምክንያት በሚመጣው ዓመት ያው ለቅሶ ይደገማል።

ስለዚህ በጭሮም፥ በሂርናም፥ በበዴሳም ሥራ የያዝሽ እኅቴ ሆይ፥ ይህን ምክር ስሚኝ። መጀመሪያ በምትኖሪበት ሠፈር ያለውን አፎሻ ጠይቀሽ ግቢ። እንደ ሌላዪቱ ሴት እኩል መዋጮ ክፈይ፤ ተራሽ ሲደርስ ውሃ ቅጂ፥ ሳህን እጠቢ። ነገ ወደ ሌላ አገር እዛወራለሁ ብለሽ አትተዪው፤ የምትዛወሪበትም አገር የራሱ ማኅበር አለው። ለጥቂት ወራት ዝም ብለሽ አዳምጪ፤ ኦሮምኛ የማታውቂ ከሆንሽም በዚያው ትማሪዋለሽ። እናቶቹ ሲያምኑሽ አንድ ነገር ብቻ አምጪ፤ ብዙ አታምጪ። ነርስ ከሆንሽ እርጉዝ ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል መጀመር እንዳለባት፥ ደም ከፈሰሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ይዞ ዓይንዋን ካጭበረበራት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም እንድትሄድ ንገሪያቸው። አፎሻውም ለቀብር ከሚያስቀምጠው ጥቂቱን ለመኪና ኪራይ እንዲይዝ ሐሳብ አቅርቢ። ሕግ የተማርሽ ከሆንሽ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ እንደማይፈቀድ በሚገባቸው ቋንቋ አስረጂ። ሒሳብ የምታውቂ ከሆንሽ መዝገቡን በንጹሕ ጽፈሽ በየወሩ አንብቢላቸው።

እናንተም ወንዶች ተማሪዎችና ጸሐፊዎች «ይህ የሴቶች ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን አትገልብጡ። እኅቶቻችሁን በሂሳብና በእንግሊዝኛ ለማስጠናት በሳምንት ሁለት ሰዓት ማግኘት አያቅታችሁም። ሚስታችሁ ወደ አፎሻ ስትሄድ ሕፃኑን መያዝም ሥራ ነው።

ጨርጨር ለሌላው ምሳሌ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት በፊት ይህን አገር ሲያስተዳድሩ፥ በሥርዓቱ ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን ደክመው ነበር። ያን ጊዜ አርአያነቱ ከገዢው ወደ ሕዝቡ የወረደ ነበር። አሁን ከሴቶቹ ሊነሣ ይችላል። መጪው ሐዘን ወይም ሠርግ በሠፈራችሁ በደረሰ ጊዜ ሂዱ፤ ማኅበሩ በዚያ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ።