ከስቱኮው ስር

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ከመካኒክ በፊት ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ፍሪጅ ላይ የምትለጠፈዋ ትንሿ ትበቃለች። ቀለሙን እንዳትቧጥጥ ስስ ጨርቅ ጠቅልሉባትና በፓራፋንጎው፣ በበሩ የታች ጠርዝ፣ በጎማው ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አሳልፏት። ላሜራ ካለ ትይዛለች፤ ጉድጓድ የተሞላበት ስቱኮ ከሆነ ትወድቃለች። የሻጩ ፊት የሚለዋወጠው ሞተሩን ስታስነሱ ሳይሆን ማግኔቷን ከኪሳችሁ ስታወጡ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ቄራ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ ባትላሜራ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ዝክር የሌለው ማኅበር አለን። አንድ ቀራጺ፣ ጡረታ የወጣ የቶርኖ ሠራተኛ፣ የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ እንዲሁም መብራት ከመያዝ ያለፈ ሥራ የማይሰጠኝ እኔ። የሚሰበስበን የቀራጺው ቮልስ ነው። ከአጎቱ የወረሳት 1300 ናት። መቼ እንደምታልቅ የሚጠይቅ የለም፤ ብታልቅማ የት እንሰበሰባለን?

ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው ተራ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ያን ቀን ያስታወሰ ሁሉ ስለ መኪናዋ ሳያነሣ አያልፍም። ከዚያ በኋላም የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የቢሮ ሠራተኛው መኪና ሆና ኖረች። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ስለዚህ ውኃ አልቆባት ዳገት ላይ አትፈላም። ፓራፋንጎዎቿ አራቱም በብሎን የሚፈቱ ስለሆኑ አንዱ ቢጨረማመት ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትገጣጠም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

በሽታዋ ከስር ነው። ባትሪዋ የኋላ ወንበር ስር ስለሚቀመጥ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ፊት የሚያሳልፉት የጎንና የጎን ቦዮች ደግሞ ውኃ ይቋጥሩና ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ። ከውጭ ሲያዩዋት የሠርግ መኪና፣ ሲያነሷት ወንፊት።

ጋሼ የቀራጺውን ቮልስ የግራ ፓራፋንጎ ሲፍቁት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ነጭ፣ ከስሩ ሰማያዊ፣ ከስሩ ቀይ። ከቀዩ ስር ስቱኮ፤ እሱም የጣት ውፍረት ያለው። ስቱኮው ሲፈነቀል ከስሩ የወጣው ግጭት እንደ ተጋጨ ቁጭ ብሏል። አንድ መዶሻ አላረፈበትም። የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ጉድጓዱን ሞልቶ፣ አሸዋ ወረቀት አስሩጦ፣ ቀለም ረጭቶ ገንዘቡን ተቀብሏል። የመኪናው ንዝረት ስቱኮውን ሰነጠቀው፣ በስንጥቁ እርጥበት ገባ፣ ብረቱ በጨለማ ውስጥ ሲበላ ኖረ።

ስቱኮ ራሱ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ባለሙያው ብረቱን አቃንቶ ከጨረሰ በኋላ የመዶሻ ፋናውን ለመድፈን ስስ አድርጎ ይቀባዋል፤ ጋሼም ይቀቡታል። ነገሩ የተበላሸው ስቱኮ የማቃናትን ቦታ ሲይዝ ነው። ደንበኛው ለሰኞ ይድረስልኝ ይላል፣ ዋጋም ይከራከራል። ሁለት ቀን በመዶሻ ከሚለፋው ይልቅ በግማሽ ቀን ሞልቶ የሚያስረክበው ጋራዥ ይሞላል። ወጣቱ ረዳትም የሚማረው የሚያበላውን ነው።

ማቃናት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ጉልበት ይመስለዋል። የቮልስ ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከላይ በመዶሻ፣ ከስር በእጅ በሚያዝ ለስላሳ ብረት መሀል አድርገው ሲመቱት ይሳሳል፤ ሲሳሳ ይሰፋል፤ የሰፋው የሚሄድበት ስለሌለው ያብጣል። ያኔ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ይልና ሲለቁት ጧ ብሎ ይመለሳል። ቀራጺው ወዳጄ የመጀመሪያ ሰሞን ያላንዳች ምሕረት ሲቀጠቅጥ ጋሼ ከመንገዱ ማዶ በድምፁ ብቻ ያውቁ ነበር። «ቀስ በል አንተ! ልታሰፋው ነው!»

የሰፋውን መሰብሰብ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ጋሼ ያበጠው ቦታ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ መርጠው በአሲትሊን እሳት እስኪቀላ ያግሉታል፣ ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ ይመቱታል፣ ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ያሳርፉበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ እብጠቱ ይገባል። ቢዘገዩ ሥራው ይበላሻል። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍኑና በመዳፋቸው ይዳስሱታል፤ በመዳፋቸውና በብረቱ መሀል ግን ስስ ጨርቅ አለ። በባዶ እጅ የማይታወቀው ሞገድ በጨርቅ ውስጥ ይታወቃል ይላሉ። ሞክሬዋለሁ፤ እውነት ነው።

ቀራጺው በትምህርት ቤት የለመደው ጭቃና ጀሶ ነው። ጭቃ ሲጎድል ይጨመርበታል፣ ሲበዛ ይቀነሳል። ላሜራ ላይ መጨመርም መቀነስም የለም፤ ያለው ያው ብረት ነው፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየገፉ ማስኬድ ብቻ። እሱ ራሱ ቮልሷን ትቶ አሁን የሴት ፊት በላሜራ እየመታ ነው። ከጉንጩ እስካሁን አልወጣም፤ ጋሼ ደግሞ ጉንጩን አይተው «ይሄማ የቮልስ ኮፋኖ ነው» ብለውታል። አላሾፉበትም። ሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ነገር ሁሉ ለእሳቸው አንድ ሥራ ነው።

እውነታቸውን ነው። የኒው ዮርኳ የነፃነት ሐውልት በ1886 እ.ኤ.አ. ስትመረቅ ስሙ የተነሣው የቀራጺው የባርቶልዲ ነው። ሴትዮዋ ግን በአብዛኛው የመዶሻ ውጤት ናት። ፓሪስ ውስጥ በአንድ ወርክሾፕ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው የመዳብ ላሜራዎች በእንጨት ቅርጽ ላይ እየተቀጠቀጡ ፊቷን፣ ክንዷን፣ የቀሚሷን እጥፋት ሆኑ። ኤፍል በሠራው የብረት አጽም ላይ የተሰቀሉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ባትላሜራነት ካልሆነ ምንድን ነው?

እኛ ዘንድ በመዶሻ ለሚያድር ሰው የሰጠነው ማዕረግ ይታወቃል። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይወስድና በዚያው አፉ ቡዳ ይለዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የሚገርመው ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናው ከመምጣቱ በፊት እንኳ ነጋዴው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ ተበላሽቶ የቆመበት ሰፈር ሰባራ ባቡር ተብሎ ቀርቷል። ብልሽቱን በሰፈር ስም የዘከርን ሕዝብ፣ ጠጋኙን እስካሁን በቅጡ አላየነውም። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ በርሜል ዘርግቶ ምድጃና አክንባሎ የሚያወጣውን ወጣት ተመልከቱ። እጁ ያለው ችሎታ ሌላ አገር ኤግዚቢሽን ያስከፍታል፤ እኛ ግን ስለ ጫጫታው ብቻ ነው የምናወራው።

በብረት የተሠራ ጥበብ ስንል የሚታየን ሌላ ነው። ከካቴና፣ ከብሎንና ከኩሽኔታ ተበይዶ ሆቴል በር ላይ የሚቆመው አንበሳ። በያጁን አልንቅም፤ ግን የተገኘውን መለጠፍና ጠፍጣፋውን ማጉበጥ አንድ አይደሉም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የኮምፒውተር ቁርጥራጭና ሽቦ ሲሰበስብ እያንዳንዱን ዓይነት በቦታው ጠልፎና አሰልፎ ሌላ ነገር ያደርገዋል። የሆቴሉ አንበሳ ግን ከቅርብም ከሩቅም ብሎን ነው።

ቀራጺው ባለፈው ክርክር አስነሣብን። አጎቱ በር ላይ ያስገባት አንዲት ትንሽ ግጭት ሳትቃና ትቅር አለ፤ ትዝታ ናት። የቶርኖ ሠራተኛው ደገፈው። ጋሼ ተቆጡ። ግጭት ውኃ ያቁራል፣ ቀለም ያስነሣል፣ ትዝታ ከፈለግህ ፎቶ አንሣ አሉት። እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ግጭቷ እንዳለች ትቅር የሚባለው ሙዚየም ለምትቆም መኪና ነው፣ ይህቺ ግን ገና የሽሮ ሜዳን ዳገት ትወጣለች።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስመጣትን አስወድዶታል። ስለዚህ በየግቢያችን ያለው ኮሮላ፣ ላዳና ቮልስ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ ገና ብዙ ጊዜ ይጋጫል። የሚያቃናው ማን ነው? የጋሼ እኩዮች እያረፉ ነው፤ ልጁ ሙያውን እንዲይዝለት የሚፈልግ ባትላሜራም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አንድ አንጋፋ ባትላሜራ በሳምንት ግማሽ ቀን ቢያስተምርበት ብዬ አስባለሁ። ዲግሪ የለውም የሚለው ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ዲግሪ ያለው ደግሞ የሰፋ ላሜራ መሰብሰብ አይችልም። ሐሳቡን ለጋሼ ሳነሣላቸው ስለ ክብሩ ምንም አላሉም። አሲትሊኑን ማን እንደሚገዛ ጠየቁኝ፤ ቀጥለውም ተማሪዎቹ ጥፍራቸውን ያሳድጋሉ ወይ አሉኝ።